ቤትን ለዕለት ኑሮ ማስጌጥ

  ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁት አላችሁ፤ አሁን በወረቀት ላይ ፊደሉን እየለቀማችሁ የምታነቡትም አላችሁ። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። የሚያስቸግር ቃል ከገጠማችሁ ዝለሉትና እለፉ፤ ኋላ ትመለሱበታላችሁ። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የዛሬው ርእሳችን ቤት ማስጌጥ ነው። «ኧረ ምን ያለ ነገር ነው! የእኛ ጣሪያ እያፈሰሰ አስተማሪዋ ስለ ጌጥ ታወራለች?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጌጥ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ያለው ሰው የሚኖርበትን ቤት ነው። ምንጣፉን፣ ትልቁን መስተዋት፣ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር። እኔ ግን ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ዓይነት ጌጥ ነው። በመጀመሪያ ግን አንድ የሠራሁትን ስሕተት ላጫውታችሁ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት መብራት ባልገባበት የገጠር ቀበሌ ነበር። ከአንዲት እናት ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። የእኔን ክፍል ከእርሳቸው የሚለየው ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም። ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው ይተኛሉ። የመጀመሪያ ደመወዜን እንደተቀበልሁ ገበያ ወረድሁና አበባ ያለበት ቀጭን የናይለን መጋረጃ፣ የላስቲክ አበባ፣ አንድ ሁለት ሥዕል ገዛሁ። ሰቀልሁ፣ ለጠፍሁ፣ ደረደርሁ። ክፍሌ ሙሽራ መሰለች። ኩራዜን ከመጋረጃው አጠገብ በሣጥን ላይ አስቀምጬ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ጀመርሁ።

በሩ በነፋስ ብርግድ አለ። መጋረጃው ተነሣና ኩራዙ ላይ ወደቀ። ናይለን መቼም እንደ ሰም ይቀልጣል፤ እየነደደም ይንጠባጠባል። እሳቱ ወደ ሣሩ ክዳን ሲወጣ እያየሁ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ጮህሁ። የቤቱ እመቤት ጆንያ እንስራው ውስጥ ነክረው ገቡና መጋረጃውን ከነእሳቱ ጎትተው ከመሬት አጋደሙት። ሣሩ ጠቆረ እንጂ አልያዘም። ይዞ ቢሆን ኖሮ ልጆቹን የሚያወጣቸው አልነበረም።

ጸጥ ካለ በኋላ እትዬ ቁጭ አሉና ግድግዳውን ትክ ብለው አዩት። «የኔ ልጅ፣ መጋረጃሽስ አምሮ ነበር። ግን እኮ መስኮት የለሽም፤ ምኑን ልትጋርጂበት ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ መጋረጃ ሰቅዬ ነበር! በሌላ ቤት ያየሁትን ጌጥ አምጥቼ ለእኔ ቤት አለበስሁት። እኔ የሚያስፈልገኝ ግን ብርሃን ነበር። በማግስቱ ወንድማቸውን ጠርተው፣ ቋሚውን ሳይነኩ ማገሩን ብቻ ቆርጠው፣ ዝናብ በማይመታው በኩል ትንሽ መስኮት አወጡልኝ። ከዚያ ወዲያ ደብተር የማርመው በቀን ሆነ።

እንግዲህ ቤታችሁን ለማስጌጥ ስታስቡ አስቀድማችሁ ምንም ነገር አትግዙ። አንድ ቀን ሙሉ ቤታችሁን ተመልከቱት። ጠዋት መጀመሪያ የሚነሣው ማነው? በጨለማ የሚረግጠው ምኑን ነው? እንስራው የት ነው ያለው? ውኃ ሲቀዳ የትኛው ግድግዳ ይረጥባል? የሚድኸው ልጅ እጁ እስከ የት ይደርሳል? ተማሪው ልጅ የት ተቀምጦ ያነባል? ሽማግሌው አባት ጀርባቸውን የሚያስደግፉት በየትኛው ግድግዳ ነው? ይህን ያየ ሰው ጌጡ የት መግባት እንዳለበት ቤቱ ራሱ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ብዙ የምለው ያለኝ በግድግዳ ላይ ነው።

የጭቃ ቤት የሚናቅ ቤት አይደለም። በደንብ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ያበርዳል። ቆርቆሮ ብቻውን ይህን አያደርግም። ዳሩ ግን ጭቃው በጥድፊያ ከተለጠፈ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ትኋን ይገባል፤ ቀን እዚያ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወደ መኝታችን ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳን ማለስለስ ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ለእንቅልፍም ነው።

ጥሩ ምርጊት የሚጀምረው ከጭቃው ነው። አፈሩ ድንጋይና ሥር ይለቀምለታል። የጤፍ ጭድ ይገባበታል፤ ውኃ ጠጥቶ ይረገጣል፤ ከዚያ ለጥቂት ቀናት ይተዋል። በየቀኑ ውኃ እየጨመሩ እንደገና ይረግጡታል። ጭዱ ሲበሰብስና ጭቃው ሽታው ሲለወጥ ያን ጊዜ ይጣበቃል። ጭዱ እንደ ክር ሆኖ ጭቃውን ይይዘዋል፤ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ጎረቤቶቼ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፤ እነርሱ በየዓመቱ እንደገና ይለጥፋሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ነው። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ እበት ይቀላቀልበታል፤ በእጅ መዳፍ እየታሸ ይለሰልሳል። የእናቶቻችን እጅ ለዚህ ሥራ ምንኛ የታደለ ነው!

አንዳንድ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ በጭቃው ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ያስለጥፋል። ይህን አልመክርም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው። ሁለቱ አብረው ስለማይሄዱ ሲሚንቶው ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ያ ገንዘብ ለመስኮት ቢውል ይሻላል።

ከላይ የሚቀባው ደግሞ ነጭ አፈር በሚገኝበት አገር ነጭ አፈር፣ ካልተገኘም ኖራ ነው። ነጭ ግድግዳ ብርሃንን ይመልሳል። በአንዲት ትንሽ መስኮት የገባ ብርሃን ጥቁር ግድግዳ ላይ ካረፈ እዚያው ይቀራል፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ካረፈ ግን ቤቱን ያዳርሳል። ይህ ማለት ልጃችሁ ከመምሸቱ በፊት ተጨማሪ ጊዜ ያነባል ማለት ነው። እናንተም ታነባላችሁ።

ስለ ኖራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያልጠፋ ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይንም ያጠፋል። ኖራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውኃው ጨምሩ እንጂ ውኃውን በኖራው ላይ አትቸልሱ። ልጆችን ከአካባቢው አርቁ። ወደ ዓይን ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ታዲያ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ነጭ ብታደርጉት በሳምንቱ ታዝናላችሁ። ከታች ያለው ክፍል የልጅ እጅ፣ የሰው ጀርባ፣ የውኃ ፍንጣቂ የሚነካው ነው። ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቀይ አፈር ወይም አመድ የተቀላቀለበት ጠቆር ያለ አፈር ቀቡት። ከላይ ነጩ፣ ከታች ጠቆር ያለው፣ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሁን። መስመሩን ለማስተካከል ክር ወጥሩ። ያምራል፣ እድፉንም ይችላል። ሲያድፍ የምታድሱት ታችኛውን ብቻ ነው።

ወባ ባለበት ቆላ የምትኖሩ ደግሞ ይህን በደንብ ስሙኝ። የጤና ሠራተኞች መጥተው ግድግዳችሁን የወባ ትንኝ መድኃኒት ከረጩላችሁ በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር ግድግዳውን አትመርጉ፣ ኖራም አትቀቡ። ትንኟ የምትሞተው መድኃኒቱ ያለበት ግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው። በላዩ ላይ ጭቃ ወይም ኖራ ከተለጠፈበት መድኃኒቱ ተቀበረ ማለት ነው። እኛ አገር ችግሩ ምንድን ነው? መድኃኒቱ የሚረጨው ብዙውን ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ከመድረሱ በፊት ነው፤ ወዲያው ደግሞ እንቁጣጣሽና መስቀል ይመጣል። «ዓመት በዓል በአሮጌ ግድግዳ አላሳልፍም» ይባላል። የሴቶቹ ልብ አይገባኝም ማለቴ አይደለም፤ እኔም ለበዓል ቤቴ እንዲያምር እወዳለሁ። ስለዚህ መርጫው መቼ እንደሚመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድማችሁ ጠይቁና ምርጊታችሁን ከርጭቱ በፊት ጨርሱ። ለበዓሉ ወለሉን፣ መደቡን፣ የውጭውን ግድግዳ አስጊጡ። ልጅ በወባ ተኝቶ በዓል የለም።

አሁን ደግሞ ጢሱ። ምድጃው በመኖሪያው ቤት መካከል ባለበት ቤት ኖራ መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። በሁለት ወር ጥቀርሻ ይሆናል። ግድግዳውን ያጠቆረ ጢስ ደግሞ ሳንባችን ውስጥም ገብቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በእንግሊዝ አቆጣጠር በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ በመጣ በሽታ በዓለም ላይ ወደ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አይቻት ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር።

«ጢስ እኮ የሣሩን ክዳን ከነፍሳት ይጠብቃል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ግን ክዳኑን ለማዳን ብለን የልጁን ሳንባ መስጠት የለብንም። ከተቻለ ማድ ቤቱ ለብቻው ይሠራ። ካልተቻለ ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ጢሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተውለት፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ይኑር። ሦስቱን ጉልቻ በሜዳ ላይ ከመተው፣ ምድጃውን እስከ ጉልበት ከፍ አድርጎ በጭቃ መሥራት የሚድኸውን ልጅ ከእሳት ያርቃል፤ የጋጋሪዋንም ወገብ ያሳርፋል። «ምርት» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ የምታውቁት ትኖራላችሁ። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የተስፋፋ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከበው እሳቱ አይበተንም፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የሚፈልገው እንጨት ግማሽ ያህል ነው። እኔ ብጠየቅ ለቤት የሚገዛ የመጀመሪያው ጌጥ እርሱ ነው እላለሁ። ጌጥ አይመስልም። ነጩን ግድግዳ ነጭ አድርጎ የሚያቆየው ግን እርሱ ነው።

ስለ መቀመጫና ስለ ዕቃ አቀማመጥ ከሐረር ቤቶች የምንማረው አለ። በግንብ የተከበበችው የሐረር ጁገል ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በጥንቱ የሐረሪ ቤት ስትገቡ ሳሎኑ በከፍታ የሚበላለጡ አምስት መደቦች አሉት። ማን በየትኛው መደብ እንደሚቀመጥ በወግ የታወቀ ነው። ወለሉና መደቡ ቀይ ይቀባል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆው ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለቀለሙ ስፌት ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይታያል። የሚያየው ሰው «ሥዕል ነው» ይላል። ስፌቱ ግን ዕቃ ነው፤ ሲያስፈልግ ይወርድና ምግብ ይቀርብበታል፤ ሲያበቃ ወደ ጌጥነቱ ይመለሳል። ግድግዳው ውስጥም ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች ተሠርተዋል። ቁም ሣጥን መግዛት አያስፈልግም።

ይህ በእኛም ቤት ይቻላል። ሰፌዱ፣ ሌማቱ፣ ወንፊቱ መሬት ላይ ተደራርቦ ከሚሻግት፣ ግድግዳው ላይ ችካል ተመትቶ ይሰቀል። ነፋስ ያገኘዋል፤ ይደርቃል፤ አይጥም አትደርስበትም። እናቶች በስንደዶና በአክርማ የሰፉት፣ ቀለሙን ራሳቸው የነከሩት ሰፌድ እያለ የላስቲክ አበባ መግዛት ለምን አስፈለገ? (የእኔን የላስቲክ አበባ አልረሳሁትም። እርሱም ከመጋረጃው ጋር ነው የነደደው።) አዲስ ግድግዳ የምትመርጉ ከሆነ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ በቁመታችሁ ልክ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ተዉ። ክብሪት፣ መድኃኒት፣ ምላጭ እዚያ ይግባ። ነጭ ጋዝ ደግሞ ፈጽሞ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በውኃ ፕላስቲክ አይቀመጥ። ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

መደቡን በተመለከተ ነገሬ አጭር ነው። ከመስኮቱ ሥር አድርጉት። ሰው በላዩ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ይንካ። ቁርበት ወይም ሰሌን አንጥፉበት፤ በየሳምንቱም አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ቁንጫ ፀሐይ አይወድም።

ወለሉን በእበት መለቅለቅ አቧራን ይይዛል፤ ያበርዳልም። ነገር ግን አራስ ባለችበት ክፍል፣ እትብቱ ያልደረቀ ሕፃን ባለበት፣ ወይም ቁስል ያለበት ሰው በሚተኛበት ቦታ እበት አይለቅለቅ። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ጀርም በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይገኛል። ቀጤማ ጎዝጉዛችሁም እንደሆነ፣ ከበዓሉ ማግስት ጠርጋችሁ አውጡት።

አሁን የምወደው ነገር ቀረ፤ ጋዜጣ። ግድግዳቸው ላይ ጋዜጣ የሚለጥፉ ቤቶች ዛሬም አሉ። ብርድ ይከላከላል፤ ከግድግዳው የሚረግፈውንም አፈር ይይዛል። የሚለጠፈው በዱቄት ማጣበቂያ ስለሆነ ግን በረሮና አይጥ ይጠራል። ጠርዙ ሲላቀቅ ደግሞ ለትኋን መደበቂያ ይሆናል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ልጣችሁ ጣሉና በአዲስ ተኩት። ከምድጃና ከመብራት አጠገብ ፈጽሞ አትለጥፉ። ከእኔ ተማሩ።

ሴት አያቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ወንድ አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከመኝታቸው ራስጌ አንድ የጋዜጣ ገጽ ለጥፈው ነበር። ገጹ ሥዕል ስለሌለበት የላዩንና የታቹን አልለዩትም፤ ተገልብጦ ተለጠፈ። አያቴ ከትምህርት ሲመለሱ ያጠኑትን ፊደል በዚያ ገጽ ላይ መፈለግ ጀመሩ። «ሀ» የምትባለዋን ፈለጓት፤ እግሯ ወደ ላይ ሆኖ አገኟት። «ይች ደግሞ ማናት?» ብለው ሳምንት ሙሉ ተቸገሩ። ነገሩ የገባቸው አንድ ማታ አልጋው ላይ ተጋድመው አንገታቸውን ሲያዘነብሉ ነው። ተነሥተው ወንድ አያቴን ቀሰቀሷቸው። ሌሊት ተሣቀ። ግን ገጹን አልቀደዱትም። እንደተገለበጠ አንብበው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ እስኪያልፉ ድረስ፣ ከፊታቸው የተቀመጠ ሰው የያዘውን ወረቀት ከማዶ ሆነው ያነቡ ነበር። እኛ ልጆቹ የፈተና ውጤታችንን ልንደብቃቸው አልቻልንም።

እናንተ ግን ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉ። ትልልቅ ፊደል ያለበትን ገጽ ምረጡ። ተጋድማችሁ በምታዩበት፣ ቡና ሲፈላ በምትቀመጡበት በኩል፣ በዓይናችሁ ልክ ይሁን። በየቀኑ አንድ መስመር ብታነቡ በዓመቱ ገጹን ስትልጡ የቀረ ቃል አይኖርባችሁም። አዲስ የጻፋችሁት ወረቀት ካለም፣ ስማችሁን የጻፋችሁበት የመጀመሪያው ወረቀት ቢሆን እንኳ፣ እዚያው አጠገብ ለጥፉት።

ጊዜያችን ስላለቀ እዚህ ላይ ላቁም። ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት የምትመጡ፣ ቤታችሁን አንድ ቀን ተመልክታችሁ ያያችሁትን በሦስት መስመር ጽፋችሁ አምጡ፤ ሆሄ ቢሳሳት ግድ የለም። ግድግዳ ለመመረግ ያሰባችሁ ደግሞ ጭዱን ከአሁኑ አጠራቅሙ። ጭቃው ዛሬ ቢቦካ ለመለጠፍ የሚደርሰው ገና ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ደህና ሰንብቱ።